ገደ ቢሷ የኢኮኖሚክስ አስተማሪ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 11

ዛሬም በድልድዩ ዞሬ ነው ሥራ የገባሁት። ቀጥተኛው መንገድ ገበያውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ አክስቴ ቶአ ደግሞ የመጀመሪያዋን ሸርጣን ሳትሸጥ በመደቧ ፊት ማለፍ አልችልም። ሕግ ነው። ሰባት ዓመቴ ላይ የወጣ፣ ይግባኝ የሌለው ሕግ!

ያን ቀን ገና ሳይነጋ አብሬያት ወጣሁ። "ነይ ልጄ፣ የዛሬ የመጀመሪያ ገዢዬ አንቺ ሁኚ፣ የልጅ እጅ ይቀናል" ብላ ገንዘብ አስያዘችኝ። ቅርጫቱን ነካሁት... ተገለበጠ። ያ ሁሉ ሸርጣን በገበያው ተበተነ። አንዱ የሥጋ ሻጩን የእግር ጣት ነክሶ አልለቅም አለ። የአክስቴ የዚያን ቀን ገበያ ሸርጣን ስታሳድድ አለቀ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ገደ ቢስ እኔ ነኝ። አክስቴ አትወደኝም ማለት አይደለም። እናትና አባቴ ሲሞቱ በጨቅላነቴ ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ግን ጠዋት ጠዋት "ከመደቤ ራቂ!" ነው።

እኔ ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሴት ነኝ። በገድ አላምንም። ታዲያ ለምን እዞራለሁ? በድልድዩ በኩል አየሩ ጥሩ ስለሆነ... እሺ ዬን፣ አሁን የምትዋሺው ለማን ነው?

መጀመሪያ የተቀጠርኩበት የባንክ ቅርንጫፍ ተዘጋ። ቀጥሎ የገባሁበት የመርከብ ጭነት ቢሮ... እሱም። አክስቴ ደግሞ ሥራዬን ሁሉ "ዘጋሽው" ነው የምትለው። አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ፣ በኮንትራት። ማንም ያልፈለገውን ኮርስ ሰጡኝ፦ የኢኮኖሚክስ መግቢያ፣ ለሶሲዮሎጂ ተማሪዎች። ዛሬ የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ኪየን ጠሩኝ።

"ተማሪዎቹ እያማረሩ ነው፣ ዬን። ዲሴምበር ላይ ክፍልሽ ገብተን እናያለን። ለውጥ ከሌለ ኮርሱን እንዘጋዋለን።"

እንዘጋዋለን! ሦስተኛ ሊሆነኝ ነው። ይኼም ከተዘጋ እኔ ራሴ በገዴ ማመን እጀምራለሁ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

የፍላጎትን መስመር ሰሌዳው ላይ ሣልኩ። አሳምሬ። ዋጋ ሲወርድ ሰው ብዙ ይገዛል፣ ዋጋ ሲወጣ... ዲየም እጇን አወጣች። ዲየም የፊት ወንበር ልጅ ናት፤ ምላሷ ከምላጭ የሰላ።

"ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ እናት የለውም እንዴ?"

"የቱ ሰውዬ?"

"ይሄ ዋጋ ብቻ እያየ የሚገዛው። እኔ ከጎረቤታችን ነው የምገዛው፣ ውድም ቢሆን። ሌላ ቦታ ከገዛሁ እናቴ ትገድለኛለች።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ።  ከኋላ ወንበር ባክ ብቻ አልሳቀም። ተኝቷል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14

አገኘሁት! መንገድ ዳር ሻይ እየጠጣሁ ብልጭ አለልኝ። ገበያ እልካቸዋለሁ! መስመሩን ከሰሌዳ ላይ አውርደው በዓይናቸው ይዩት። ቅዳሜ፣ ገበያው እንደተከፈተ፣ ዋጋው በክርክር ሳይበላሽ ትኩስ ትኩሱን ይልቀሙ። አርባ ተማሪ በየመደቡ!

መመሪያ ሰጠሁ። "ጠይቁ፣ ጻፉ፣ እለፉ። እንዳትገዙ። ብዙ መደብ ባዳረሳችሁ ቁጥር ይሻላል።"

ዲየም ቅንድቧን ሰቀለች። "ሳንገዛ? በጠዋቱ?"

"ሳትገዙ! ተመራማሪዎች ናችሁ።"

ባክ ነቅቶ አፉን ከፈተ። ሊናገር ይሁን ሊያዛጋ አልለየሁም። ከዚያ ዘጋው። ሌላም ሁለት ሦስት ልጆች ተያዩ። ምን አስተያያቸው? በቃ ልጆች ናቸው። እኔ ከደስታዬ ብዛት ወንበር መትቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 16

ጉድ ሆንኩ። ጉድ ጉድ ጉድ።

እንደ ልማዴ ከድልድዩ ማዶ ቆሜ ነበር የምጠብቃቸው። መጀመሪያ ያየሁት ጭስ ነው። ቀጭን ጭስ፣ ከአሳ ተራ። ቀጥሎ ከአትክልት ተራ። ከዚያ ከሁሉም! እሳት ተነሳ ብዬ ልጮህ ስል ልጆቼ እየሮጡ መጡ። ዲየም ፀጉሯ ላይ ጨው። ጨውና ሩዝ።

"ቲቸር፣ በመጥረጊያ አባረሩን! ወረቀት አቃጠሉብን!"

ያኔ ውሃ ሆንኩ። አሁን ስጽፈው ራሱ ላብ ያጠምቀኛል። ማለዳ መጀመሪያ የመጣ ሰው ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ ከሄደ የሻጯን ቀን ይዞባት ሄደ ማለት ነው። ጨውና ሩዝ ትበትንበታለች፣ ወረቀት ለኩሳ በመደቧ ዙሪያ እያዞረች ክፉውን ገድ ታባርራለች። ይኼን እኮ ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ያውቀዋል! እኔስ? እኔ ጠዋት ገበያ ረግጬ አላውቅም። ከመከልከሌ ብዛት ለምን እንደተከለከልኩ ረሳሁት። እና አርባ ሰው ላክሁ... በየመደቡ... የመጀመሪያ ሆኖ... ጠይቆ... ጽፎ... አልፎ!

የገበያው ዘበኞች የእሳት ማጥፊያ ተሸክመው መጡ፤ በየትኛው እሳት እንደሚጀምሩ ግራ ገባቸው። አንዷ ጎመን ሻጭ ወረቀት ቢያልቅባት መጠይቁን ከተማሪዋ እጅ ነጥቃ ለኮሰችው። ሌሊቱን ሙሉ የደከምኩበትን መጠይቅ!

ማልቀስ ነበረብኝ። ሳቄ ነው የመጣው። ደግሞ ባክ... ባክ ከሁሉ ኋላ ቀስ እያለ መጣ፣ በእጁ ከረጢት። ከረጢቱ ይንቀሳቀሳል።

"ምንድነው እሱ?"

"ሸርጣን ነው ቲቸር። ሴትዮዋን ጠይቄ መሄድ አፈርኩ። ይቅርታ፣ መመሪያውን ጣስኩ።"

"የትኛዋን ሴትዮ?"

በአገጩ አመለከተ። አክስቴ ቶአን!

እሑድ፣ ኖቬምበር 17

እራት ላይ ነን። አክስቴ የመብያ እንጨቶቿን አስቀመጠች።

"አንቺ ብቻሽን አልበቃ ብሎሽ አርባ አድርገሽ ፈለፈልሽብን?"

"ለትምህርት ነው እኮ አክስቴ..."

"ጠይቆ መሄድ ምን ትምህርት አለው? እሱንማ ጎረቤታችን ሳትማር ትችልበታለች። ተራው ሁሉ እኔን ነው የሚያየኝ፣ 'የእህትሽ ልጅ ናት የላከችብን' እያለ።"

"የአንቺ ሸርጣን ግን አልቋል አይደል?"

 ሾርባዋን አማሰለች።

"ያ ልጅ ሌላ ነው" አለች። "ዓይኑ ይስቃል። አልተከራከረኝም። እግሩ እርጥብ ነው! አጠገቤ ያሉት ዝንብ ሲያባርሩ ዋሉ፣ እኔ በጠዋቱ ጨርሼ ቤቴ ገባሁ። ነገ ላኪልኝ።"

"ተማሪ ነው እኮ፣ ዕቃ መሰለሽ?"

"ላኪልኝ። አንቺ ግን እንዳትመጪ።"

 ከዚያ የባክ ፊት ትዝ አለኝ፣ ቅንድቡ ላይ ጨው፣ ከረጢቱ ውስጥ የሚንኳኳ ሸርጣን... ሾርባው ትን አለኝ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 20

የመምህራን ቀን። ግቢው በአበባ ተሞልቷል። ሌሎቹ አስተማሪዎች እቅፍ አበባ ይዘው ይንጎራደዳሉ። ለእኔ ዲየም ያመጣችልኝ በቀይ ሪባን የታሰረ አንድ ጥቅል ጨው ነው።

"ለሚቀጥለው ጥናት፣ ቲቸር።"

ሳቅ ገደለኝ! ሁላችንም ሳቅን። ችግሩ ግን አላለፈም። ሻጮቹ ልጆቹን ባዩ ቁጥር ፊታቸውን እያዞሩ ነው። የተማሪ ቁርስ ከዚያ ገበያ እንጂ ከየት ይመጣል?

"ጥፋታችን መጠየቃችን አይደለም፣ አለመግዛታችን ነው" አለች ዲየም። "ቅዳሜ በማለዳ እንሂድና ሳንከራከር እንግዛ። አንድ ሎሚም ቢሆን።"

"እርስዎም ይመጣሉ?" አለኝ ባክ።

ምን ልበል? ነገርኳቸው። ቅርጫቱን፣ ሸርጣኖቹን፣ የሥጋ ሻጩን ጣት፣ ድልድዩን... ማንም አልሳቀም። ዲየም ብቻ የሆነ ነገር ጻፈች።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 23

ከድልድዩ ማዶ ሆኜ በስልክ ተከታተልኩ። ኳስ ጨዋታ ይመስል!

ልጆቼ ሎሚ ገዙ፣ ጎመን ገዙ፣ አንዱ በድንጋጤ ሙሉ ዱባ ገዛ። ማንም አልተከራከረም። ሻጮቹ ገንዘቡን ተቀብለው በዕቃቸው ላይ መታ መታ አደረጉት፣ "ይቅና፣ ይቅና" እያሉ። ይቅር ተባልን!

ግን የአክስቴ አፍ መቼ ያርፋል? ስለ ባክ ሳምንቱን ሙሉ ስታወራ ከርማለች። ዛሬ ባክ ከዳክዬ እንቁላል ሻጯ ከወይዘሮ ኑዋን አራት እንቁላል ገዛ፤ እንቁላሏ ፀሐይ ሳይወጣ አለቀ። አለቀ በቃ። ሁለት ሴቶች እጅጌና እጅጌውን ይዘው ተሻሙበት።

"ገዴ፣ ወደኔ ና!"

"ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ!"

አንዷ በሸርጣን ኑድል ታባብለዋለች፣ ሌላዋ በሩዝ ገንፎ። ባክ መልእክት ላከልኝ፦ "ቲቸር፣ ሁለቱንም በላሁ። ሦስተኛ እያመጡ ነው። እምቢ ማለት ነውር ነው?"

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 28

ዛሬ! ዛሬማ ከክፍል እየሮጥኩ መጥቼ ነው የምጽፈው!

ሰሌዳው ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የቆመ መስመር አሰመርኩ።

"ይሄ ማነው?"

ዲየም አንገቷን አዘነበለች።

"ባክ ነው። ቁርሱ ቢጨምር ሁለት ባክ አይወጣም፤ ቢቀንስም ግማሽ ባክ የለም። አቅርቦቱ ንቅንቅ አይልም። ፈላጊው ግን..."

"ገበያ ሙሉ ነው!"

"ስለዚህ?"

"ዋጋው ይወጣል!" ብሎ ጮኸ ሎክ። ሎክ እስከ ዛሬ መጽሐፉን ለትራስ ብቻ የሚጠቀም ልጅ ነበር።

"ዋጋውን በምን እንለካው?"

"በቁርስ!"

ጻፍን። ታች ደረቅ ዳቦ። ከፍ ሲል የሩዝ ገንፎ። ከዚያ በላይ የሸርጣን ኑድል። ባክ ጆሮው ቀልቶ ተነሳ። "ቲቸር... ትናንት ዳክዬ ነበር።" ክፍሉ ተገለበጠ! ዳክዬን ጫፍ ላይ ጻፍኩት።

ከዚያ አንዲት ሁልጊዜ መስኮት ጥግ ዝም ብላ የምትቀመጥ ልጅ፣ ድምጿን እንኳ አላውቀውም፣ "ዳክዬውን ሲበላ ኑድሉን ትቶ ነው። ስለዚህ ዳክዬውም በነፃ አይደለም፣ ዋጋው የተወው ኑድል ነው" አለች። ምዕራፍ ሦስት እኮ ነው! ሳምንቱን ሙሉ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ለፍልፌ ያልገባቸው ምዕራፍ ሦስት! ዞሬ ሰሌዳ የማጠፋ መሰልኩ፣ ዓይኔ እንባ ስላቀረረ።

ሰዓቱ ሲያልቅ ማንም አልተነሳም። ዲየም ግን ፊቷን አጨፍግጋ መስመሩን ታያለች።

"ቲቸር፣ ባክ ለምን አንድ ሆነ? ገዱ ከሰማይ አልወረደም። ሰው ነው ያወጣለት። ሰው ያወጣውን ሰው መጨመር አይችልም?"

"ምን አስበሻል?"

"ምንም።"

ዲየም ምንም ስትል ነው መፍራት።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 5

ጉድ ፈላ! ዲየም ገበያ ወርዳ "ከባክ የሚበልጥ አለ፣ ሎክ የሚባል፣ የረገጠው መደብ አይከስርም" ብላ አወራች። በማግስቱ ሎክ ኑድል በላ። ከዚያ አንዷ ተማሪ በዕድለኛው በበግ ዓመት የተወለደች፣ ሌላው በዘንዶ ዓመት የተወለደ እየተባለ ሳምንቱ ሳያልቅ የባለ እርጥብ እግር መዓት ገበያውን ሞላው።

ባክ ቢሮዬ መጣ። አንገቱን ደፍቷል።

"ቲቸር፣ ዋጋዬ ወረደ።"

"እስከ ምን?"

"ዳቦ። እሱም የትናንት።"

ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ ሳቅኩ። እሱም መጨረሻ ላይ ሳቀ፣ ምስኪን። ለእሱ ቁርስ እኔ ገዛሁለት።

ክፍል ውስጥ ተጣላን፣ ደስ የሚል ጥል። እኔ አቅርቦት ጨመረ፣ ዋጋ ወረደ እላለሁ። እነሱ ገድ በወሬ ይሠራል፣ ማን ያወራል፣ ማን ይታመናል ይሉኛል። ሁለታችንም ልክ ነን መሰለኝ። ገዱ ይሥራ አይሥራ አላውቅም፤ ቀኗ የቀናላት የመሰላት ሻጭ ግን ስትጣራ ድምጿ ሌላ ነው፣ ታሾፋለች፣ ትመርቃለች፣ መንገደኛው ይዞራል። አክስቴ ብቻ ከባክ ወዲያ ወይ ፍንክች። "የተኮረጀ ገድ አልፈልግም" አለች።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 12

እንግዳ ነገር። በሞተር ብስክሌቴ ስሄድ ወይዘሮ ኑዋን መንገድ ላይ አስቆመችኝ። የዳክዬ እንቁላሏ ሴትዮ። እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

"መምህርት፣ እስቲ አንድ ቀን በማለዳ ብቅ በይልኝ።"

"እኔ? እኔ እኮ የቶአ..."

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" አለችና ጠቀሰችኝ።

አንዲት አበባ ሻጭ ደግሞ ሳልጠይቃት አንድ ዘንግ አበባ መሪዬ ላይ ሰካችልኝ። ምን እየሆነ ነው? እኔ እኮ ነኝ ያን ሁሉ ወረቀት ያስቃጠልኳቸው!

ዓርብ፣ ዲሴምበር 13

ደረስኩበት። ዲየም!

"ባክ ከማን ክፍል ወጣ? ሎክስ? ምንጩማ አስተማሪዋ ናት፣ እሷ ናት የምታድላቸው" ብላ አስወርታለች። ክፍሉ በሙሉ ተባብሮ። ጠርቼ ተቆጣኋት፣ ለመቆጣት ሞከርኩ።

"ውሸት ነው እኮ ዲየም!"

"እሺ ቲቸር። ገደ ቢስ ነዎት ያሉዎትስ እውነት ነበር?"

 ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በካፊያ ውስጥ። ስንት ዓመት በድልድይ ስዞር ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም፣ ያውም መጠየቅ የማስተምር ሰው። ከፋኝ፣ ከዚያ ደግሞ ደስ አለኝ፣ ከዚያ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ።

አክስቴ ወሬውን ሰምታለች። "ያወሩ" አለች። "እኔ ሸርጣኖቹን በዓይኔ አይቻለሁ።"

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 19

መጡ። ዶክተር ኪየንና ሁለት አስተማሪዎች፣ ከኋላ ወንበር። ሰላምታ መስጠት ረሳሁ።

ልጆቼ ግን! ባክ መሃል ላይ ቆሞ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ የአቅርቦት መስመር ሆነ። ግማሹ ክፍል ሻጭ ሆኖ በዳቦና በኑድል ይጫረትበታል። ከዚያ ሎክ ገብቶ አጠገቡ ቆመ፣ ሌላዋ ቆመች፣ ሌላው... ባክ ዳክዬው ሲወሰድበት ልቡን ይዞ ወደቀ። ዶክተር ኪየን በወረቀት አፋቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ሎክን ጠየቁት። "አቅርቦት ሲጨምር ምን ይሆናል?"

"ቁርሴን ያበላሸዋል፣ ዶክተር። የቁርሱን አቅርቦት ሳይሆን የእኛን ማለቴ ነው።"

"ፍላጎቱ ግን ካልተለወጠ" አለች ዲየም፣ እጇን ሳታወጣ።

ኮርሱ አይዘጋም! አይዘጋም! ኮንትራቴም ይታደሳል። አልዘጋሁትም!

ስወጣ ዶክተር ኪየን ከኮሪደሩ ሰው እስኪያልፍ ጠበቁ። ግራ ቀኝ አዩ። "ዬን... ባለቤቴ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለቻት። ሰሞኑን ገበያዋ ቀዝቅዟል። አንድ ቀን ጠዋት በዚያ ብታልፊ..."

ሞተሬ ላይ እየዘፈንኩ ተመለስኩ። ዝናብ አፌ ገባ፣ አልተውኩም። ለአክስቴ "አልዘጋሁትም!" አልኳት። "ገና ነው" አለች። ግን የድስቱን ትልቁን ሸርጣን ወደኔ ገፋችው።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 20

የአዲስ ዓመታችን የቴት በዓል ደርሷል፣ ቤቱ ለበዓሉ ጥቅልል በሚሆን ቅጠልና ሩዝ ተሞልቷል። የአዲሱ ዓመት ገበያ የሚከፈተው በዓመቱ ስድስተኛ ቀን ነው። የዚያን ቀን የመጀመሪያ ገዢ የዓመቱን ገድ ነው ይዞ የሚመጣው። እና ዛሬ... ሊይዙኝ መጡ! እኔን! ወይዘሮ ኑዋን እንቁላል ይዛ፣ ጎመን ሻጯ ሙዝ ይዛ። መጠይቄን ያቃጠለችው ጎመን ሻጭ ራሷ!

በሩን የከፈተችው አክስቴ ናት። እኔ መጋረጃ ኋላ።

"ለመክፈቻው መምህርትን ለእኔ..." ስትል ወይዘሮ ኑዋን፣

"አይቻልም። ተይዛለች።"

"በማን?"

የአክስቴን ጀርባ አያለሁ። ጆሮዋ ሲቀላ።

"በእኔ!" አለች። "በእኔ ነዋ! ማን አሳደጋት? ማን አጥቦ ማን አበላ? ይኼን ሁሉ ዓመት ያስቀመጥኩትን ገዴን ማንም መጥቶ አይወስድብኝም!"

ለካ አስቀምጣኝ ነበር! መጋረጃውን ነክሼ ሳቅኩ፣ እንባዬ እስኪወርድ። ከሄዱ በኋላ ወጣሁ።

"አክስቴ፣ ወሬው እኮ የተማሪዬ ነው።"

"ሞኝ መሰልኩሽ? አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ኑዋን ልትወስድሽ ነው?" ብላ ሩዟን ማጠብ ቀጠለች።

ደስታዬ ግን ፍርሃት ገባው። ዓመት ሙሉ ነው። የአክስቴ ዓመት። ቅርጫቱን ብነካውስ?

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 29

ቴት። በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ተመረቅኩ። የማስበው ስለ ቅርጫት ብቻ ነው።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

በቀጥተኛው መንገድ ሄድኩ። ካፊያ ነበር። ቀይ ሹራብ፣ ከላይ የዝናብ ልብስ። ተራው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ ልጆቼም መጥተዋል፣ ዲየም፣ ባክ፣ ሎክ እንኳ ነቅቶ። አክስቴ አዲስ ልብስ ለብሳ ከቅርጫቶቿ ኋላ ቆማለች። እንደማታውቀኝ ሆነች።

"ምን ልስጥሽ?"

"ሸርጣን።"

ዋጋ ጠራች። ሳልከራከር ያለችውን ሰጠሁ። እጇ ቀዝቅዞ ነበር። ገንዘቡን በየቅርጫቱ ላይ መታ መታ አደረገች፤ "ይቅና፣ ይቅና።" አለቀ። ተነፈስኩ። ቅርጫት አልነካሁም! እጄን በኪሴ ከትቼ ዞርኩ...

የዝናብ ልብሴ ጫፍ አንዱን ቅርጫት ያዘው።

ድምፁን አውቀዋለሁ። ቅርጫት ሲወድቅ፣ ከዚያ ያ የብዙ ትናንሽ እግሮች መንኳኳት።  ሥጋ ሻጩ፣ ያው የድሮው ሥጋ ሻጭ፣ ሁለት እግሩን ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰባት ዓመቴ ሆነ። ጎመን ሻጯ ወረቀት ስትፈልግ ሰማሁ። አልቅሼ ልሮጥ ነበር፣ በእውነት።

"ተዉአቸው!"

አክስቴ ናት።

"ተዉአቸው ይሩጡ! ዘንድሮ ገበያዬ እንዲህ ይሩጥልኝ! እንዲህ እግር ያውጣ!"

 ከዚያ ወይዘሮ ኑዋን "የእኔም ይሩጥ!" አለች። "የእኔም!" አለች ጎመን ሻጯ፣ ወረቀቱን ወደ ኪሷ እየመለሰች። ከዚያ ገበያው በሳቅ ተናወጠ። ልጆቼ ሸርጣን ማሳደድ ጀመሩ፣ ባክ አንዱን በባዶ እጁ ቢይዘው ሸርጣኑ ነከሰው፣ ሎክ ኮፍያውን ደፋበት። መንገደኛው ግርግሩን ለማየት ይቆማል፣ የቆመው ይገዛል። አክስቴ ወንዝ ድረስ ያመለጡትን ሳይቀር "ለወንዙም በዓል ነው" ብላ መረቀች። ፀሐይ ሳይወጣ ቅርጫቱ ባዶ ሆነ።

ባዶ ቅርጫቶቹን ሞተሬ ላይ ስናስር አየችኝ።

"ነገ ሥራ በየት በኩል ነሽ?"

"በድልድዩ።"

"ድልድዩ ምን አለሽ? ሩቅ ነው። በዚህ እለፊ፣ ትኩስ ነገር በልተሽ ትሄጃለሽ።"

እሺ አልኩ። ነገ ቀደም ብዬ መነሳት የለብኝም። በቀጥተኛው መንገድ ቅርብ ነው።